የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች

እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ አለኝ። ሁለት ፒካፖች ነበሩ። ሞዴላቸው አንድ፣ ቀለማቸው ነጭ፣ ለመሥሪያ ቤታችን የተሰጡትም በአንድ ቀን። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከአንድ በርሜል በወጣ ሬንጅ ሆዳቸውን የቀባሁት እኔው ነኝ። አንዷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ከውስጥ በስብሳ መንገድ ላይ ወገቧ ተቆረጠ። ሌላዋ ዛሬም ትሄዳለች። ለምን?

ሥራ የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፤ ጅጅጋ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነበር። ባለቤቴ ወታደር ነው፤ ወደዚህ የመጣሁት የእሱን ምደባ ተከትዬ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት በሃያ አምስት ዓመቴ በማታው ክፍለ ጊዜ ቀጥዬ ጨረስኩ፤ ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ገባሁ። አብረውኝ የተመረቁት ልጆች "እትዬ አለም" ይሉኝ ነበር። የምደባ ደብዳቤዬ "ጀማሪ የቦዲ ቴክኒሻን" ይላል። ከቢሮው ሠራተኞች በቀር በግቢው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የጋራዡ ኃላፊ ሻምበል ደምሴ ይባላሉ። ከሠራዊቱ በጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን የጦር መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ደብዳቤዬን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ትንሽ መዶሻ ሰጡኝ። ከዚያ መኪና ከሥር ወደሚታይበት ጉድጓድ ይዘውኝ ወረዱ። ከላያችን አንድ አሮጌ ፒካፕ ቆሟል።

"ምቺው" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ሻሲውን፣ መኪናውን የተሸከመውን ብረት። ከፊት እስከ ኋላ፣ በየስንዝሩ። ከዚያ የሰማሽውን ትነግሪኛለሽ።"

መታሁ። ከፊት በኩል ብረቱ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የኋላ ጎማው አጠገብ ስደርስ ድምፁ ታፈነ፤ ካርቶን የምመታ መሰለኝ።

"እዚህ ጋ ታሟል" አልኩ።

"ታሟል የሚባል ነገር የለም። ስንት ስንዝር?"

በእጄ ለካሁ። "ሁለት ተኩል።"

"እንደሱ ነው የሚባለው።"

ደብተሬን አውጥቼ "ሁለት ተኩል" ብዬ ስጽፍ ሲያዩኝ ሳቁ። ከጉድጓዱ አናት ላይ ለቆሙት መካኒኮች ጮክ ብለው፣ "መዶሻ ብሰጣት እስክሪብቶ አወጣች!" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ጸሐፊዋ" ሆነ። አልከፋኝም። ደብተሩ አሁንም አለ።

ጅጅጋ ስመጣ ሁሉም የሚነግረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዝገት የጅቡቲ በሽታ ነው፣ እዚህ አገሩ ደረቅ ነው ይሉኛል። አገሩ ደረቅ መሆኑ እውነት ነው። መኪናው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከነጋዴ የሚገዛው አብዛኛው ፒካፕ በባሕር ተጉዞ የመጣ ነው። ከኋላው በግ ይጫንበታል፤ የበግ ሽንት ደግሞ በላስቲክ ምንጣፉ ሥር ሾልኮ ብረቱ ላይ ይተኛል። በጀሪካን ውሃ ይጫንበታል፤ ጀሪካን የማያንጠባጥብበት ቀን የለም። በዝናብ ወራት ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ጎርፍ ይመጣል። አቧራውም ቢሆን ደረቅ ይመስላል እንጂ ጭቃ ለመሆን ቀን የሚጠብቅ ነገር ነው። በብረቱ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ገብቶ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በመሮ እየፋቅሁ ነው።

አንድ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ፒካፕ ሊገዛ ሲል አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። በነጠላዬ ጫፍ የጠቀለልኳት ትንሽ ማግኔት ነበረችኝ። ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፤ የተበላ ቦታ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ከተቀባ ግን ተንሸራቶ ይወድቃል። ሻጩ ደረቱን እየደቃ፣ "ወላሂ፣ ይቺ መኪና ዝናብ አይታ አታውቅም!" ይላል።

"ባሕርስ?" አልኩት።

በዙሪያው የቆሙት ነጋዴዎች በሳቅ ፈነዱ። ማግኔቷን በሁለቱም በሮች ሥር አስኬድኳት፤ አራት ቦታ ላይ እጄ ላይ ወደቀች። ሻጩም መጨረሻ ላይ ራሱ ሳቀና፣ "ይቺን ሴትዮ ሁለተኛ ወደ ቶጎጫሌ እንዳታመጣ" አለው ለባልደረባዬ። ያን መኪና አልገዛንም።

በጋራዣችን የነበረው የዝገት መከላከያ የተቃጠለ ዘይት ነው። ሾፌሮች ከሞተር የወጣውን ጥቁር ዘይት በናፍጣ ያቀጥኑና የመኪናውን ሆድ ያርከፈክፉታል። ሲያዩት ያብረቀርቃል። አንድ ቀን አስፋልት ባልሆነ መንገድ ከተሄደበት በኋላ ግን አቧራው ዘይቱ ላይ ተለጥፎ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱን ፈንቅዬ ሥሩ ምን እንዳለ ማየት ፈለግሁ። ውጭው አመድ የመሰለ ነው፤ ውስጡ እርጥብ ነበር። ለሻምበል አሳየኋቸው።

"ታዲያ ምን ይደረግ ትያለሽ?"

"ይፋቅ፣ በብረት ብሩሽ ይጽዳ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ሲደርቅ በላዩ የሞቀ ሬንጅ።"

"ለአንድ መኪና ስንት ቀን?"

"ሦስት።"

"ሁለቱ አዳዲሶቹ ላይ ሞክሪው" አሉኝ። አዳዲስ የተባሉት ለኛ አዲስ ስለሆኑ ነው እንጂ ሁለቱም ያገለገሉ ነበሩ።

ከሁለቱ የአንዷ ሾፌር ፋራህ ነበር። የከብት ሐኪሞችንና የክትባት ሳጥኖችን ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያመላልስ፣ ሃምሳ ዓመት የደረሰ የጅጅጋ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። "ለማን ነው የምታወሪው?" አለኝ። ከዚያ በኋላ አንተ አልኩት፤ እሱም "አባዮ" አለኝ፤ እህቴ እንደማለት ነው። ሻምበልንም ቢሆን አንተ ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም ከእሱ ሲሆን አይከፋቸውም።

ፋራህ መኪናውን የሚወድ ሰው ነበር። ከገጠር በተመለሰ ቁጥር ከማንም በፊት መኪናዋን ያጥባታል፤ ላይዋን፣ ከኋላ የጭነት ቦታዋን፣ ቱቦውን ከሥር አስገብቶ ሆዷንም። የሌላዋ ሾፌር ግን መስተዋቱን በእጅጌው ይጠርግና ይሄዳል። ፋራህ ያንን ሲያይ፣ "ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ መኪናህ የምትታጠበው ስትሞት ነው?" ይለው ነበር።

የፒካፕ ሻሲ እንደ ቧንቧ ውስጡ ባዶ ነው። ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። የፋራህን መኪና ስሠራ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሽቦ አስገብቼ ብቆፍር አቧራ በእፍኝ ወጣ። ስምንት ቀዳዳ፣ ከስምንቱም አቧራ። እኔ ያኔ ጠላቴ አቧራ ነው ብዬ ወስኜ ነበር። ደግሞም ቀዳዳ ያለበት ሥራ ያላለቀ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ላይ ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፤ እያንዳንዱን በካቻቢቴ ጫፍ እየገፋሁ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩ፤ በላዩ ሬንጅ ቀባሁ። በማግስቱ ሲደርቅ ቀዳዳ እንደነበረ እንኳን አያስታውቅም። ሁለተኛዋንም በሳምንቱ ውስጥ ልክ እንደዚያው ሠራኋት። ቀዳዳውን ድፈኚ ያለኝ ሰው የለም።

ሻምበል ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው አዩ። "ሥራ ማለት ይሄ ነው" አሉ። ፋራህ ተንበርክኮ አየና፣ "አባዮ፣ ይሄ እኮ ከላይኛው ይበልጣል። ገልብጬ ልንዳት?" አለ።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፋራህ ወደ ሽንሌ በኩል ወርዶ ሳለ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ሲሻገር መኪናዋ ከጋቢናው ኋላ ተሰበረች። ሰው አልተጎዳም። በጭነት መኪና ላይ ተጭና ስትመጣ ፋራህ ከጭነቱ ጋር አብሮ ላዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወርዶ ሲያየኝ፣ "አባዮ፣ ወገቧ" አለ።

የስምሪት ክፍል ኃላፊው በዚያው ቀን መጣ። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መኪና እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ስብራቱን አየና ፋራህን፣ "ጨው ጭነህባታል" አለው። ጨው ለከብት ከየቦታው ይጓዛል፤ በመንግሥት መኪና ጨው ለነጋዴ ማመላለስ ደግሞ የታወቀ ክስ ነው።

"አንድ ጊዜ" አለ ፋራህ። "ሁለት ጆንያ፣ ለእናቴ ግመሎች። በሸራ ላይ።"

"አንድ ጊዜ እንዲህ ይበላል?"

"የጫንኩትን ነገርኩህ። ያልጫንኩትን ከየት ላምጣ?"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ፣ "በአምስት ቀን ውስጥ የቴክኒክ ሪፖርት እፈልጋለሁ" አለና ሄደ።

ሁሉም ምሳ ሲወጡ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ከስብራቱ ትንሽ ፈንጠር ብለው ካሉት ውስጥ አንዱን የላስቲክ ውታፍ በካቻቢቴ ነቀልኩት። ቡናማ ውሃ በክንዴ ላይ ወረደ፤ እስከ ክርኔ። ዝናብ ከዘነበ ወራት አልፏል። ውሃው ፋራህ ያጠበበት ነው። ከላይ በብሎን ቀዳዳዎች ይገባል፤ ከታች መውጫ የለውም። ቀዳዳዎቹ ለምን እንደተሠሩ ያኔ ገባኝ። ውታፉን መልሼ ወተፍኩት። ያን ለምን እንዳደረግሁ ጥያቄ አይደለም፤ አውቀዋለሁ። ሴት ስትሠራ መጨረሻው እንዲህ ነው ይላሉ ብዬ ፈራሁ። የደረጃ ዕድገቴ የሚታይበት ወርም ነበር።

ሪፖርቱን አራት ጊዜ ጻፍኩት። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "የሻሲው ቀኝ ጎን ከውስጥ ወደ ውጭ በዝገት ሳስቷል፤ ስብራቱም የደረሰው በዚሁ ነው። የዝገቱ መነሻ በምርመራ አልተለየም።" የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛውን ደግሞ እንደ እውነት እንዲቆጠርልኝ ሌላዋን መኪና በልቤ ለምስክርነት ጠራኋት፤ እሷም እኮ ተደፍናለች፣ እሷ ግን ምንም አልሆነችም፤ እንግዲህ መነሻው ገና አልተለየም ማለት ነው። ሻምበል አንብበው ቀና አሉ።

"አልተለየም?"

"አልተለየም።"

ፈረሙ።

የስምሪት ኃላፊው "አልተለየም" የሚለውን በራሱ መንገድ ለየው። ፋራህ ከሾፌርነት ተነሥቶ የግቢው በር ጠባቂ ሆነ። የሚገባና የሚወጣ መኪና የሚመዘግብበት መዝገብና በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ ሰጡት። ጠዋት ጠዋት በሩን ይከፍትልኛል። "አባዮ፣ ደህና አደርሽ?" ይለኛል። መኪና ሲገባ ደግሞ ሳይጠየቅ ለሾፌሩ፣ "የኋላ ግራ ባሌስትራህ ይጮኻል" ይለዋል። ሁልጊዜም ትክክል ነው።

ከዚያ በኋላ ማጥናት ያዝኩ። ከአንዲት የኬሚስትሪ መምህርት መጽሐፍ ተዋስኩ፤ ቤቴ መስኮት ላይ አምስት ብርጭቆ ደረደርኩና በየአንዳንዱ አንድ አንድ ምስማር ከተትኩ። አንዱ በቧንቧ ውሃ፣ አንዱ በጨው ውሃ፣ አንዱ በበግ ሽንት፣ አንዱ ፈልቶ ዘይት በተንሳፈፈበት ውሃ። በአምስተኛው ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ አቧራ ብቻ አድርጌ በላስቲክ ሸፈንኩት። ባለቤቴ፣ "ሰው መስኮቱ ላይ አበባ ያስቀምጣል" ይለኛል። ዘይቱ ሥር ያለው ምስማር ሳምንታት አልፈውት ንጹሕ ነበር። የጨው ውሃውና የሽንቱ ቶሎ ጀመሩ። ሙሉ በሙሉ በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሰጠመው ግን ከጠበቅሁት በላይ ቀስ ብሎ ነው የዛገው። ከእሱ ይልቅ እርጥብ አቧራ ላይ ተጋድሞ የታፈነው ባሰ፤ ስነካው ቀይ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። እርጥበትና አየር አንድ ላይ ሲዘጋባቸው፤ ይኸው ነው የእኔ ሻሲ።

ከዚያ የሁለተኛዋን መኪና ውታፎች በሙሉ ለመንቀል ምክንያት ፈጥሬ ጉድጓዱ ላይ አስቆምኳት። ስምንቱም በቦታቸው ናቸው። ነቀልኳቸው። ደረቅ። ሽቦ አስገባሁ፤ ደረቅ አቧራ ነው የወጣው። ያቺም ጎርፍ ተሻግራለች፤ ያቺም በግ ጭናለች። አለመታጠቧ ነው ብዬ ነበር፤ ግን በዝናብ ወራት ውጭ ስታድር የገባባት ውሃ የት ሄደ? በመዶሻ መታኋት፤ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች። እዚህ ላይ ነው የማላውቀው። ደብተሬ ውስጥ ሰባት መላ ምት ጽፌያለሁ፤ ስድስቱን ሰርዣለሁ፤ ሰባተኛውንም አላምነውም።

ሻምበል ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጡ። እኔ የቦዲ ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። በክፍሌ ውስጥ የሻሲ ቀዳዳ የሚደፍን የለም፤ በየስድስት ወሩ በሽቦ እናጸዳለን፣ መኪናዋን ካጠብን በኋላ አፍንጫዋን ከፍ አድርገን በተዳፋት እናቆማታለን። ለምን ሲሉኝ፣ "ውሃው እንዲወጣ" እላለሁ። ከየት እንዳወቅሁት አልናገርም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ፋራህ አንድ ፒካፕ ራሱ እየነዳ ገባ። ከአጎቱ ልጅ ጋር ሆነው ከቶጎጫሌ የገዟት አሮጌ መኪና ናት። በዚያ ግቢ ውስጥ መሪ ይዞ ካየሁት ሦስት ዓመት አልፎኛል። ፊቱ ሌላ ሰው መስሏል።

"አባዮ አለም፣ አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት። እንደዚያችኛዋ አድርገሽ ቀቢልኝ። የተቃጠለ ዘይት አልፈልግም። ቀዳዳዎቹንም በከመነዳሪ ዝጊልኝ፤ አንድ እንዳትተዪ።"

ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። ከእሱ የሚታየኝ ነጠላ ጫማው ብቻ ነበር።

"ቀዳዳ አይዘጋም" አልኩት።

"ያኔ ዘግተሽ የለ?"

"ዘግቼ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ያቺን መኪና የሰበራት ጨው አይደለም፣ ፋራህ። እኔ የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ስታጥባት የገባው ውሃ መውጫ አጣ። ስትመጣ አንዱን ነቅዬ ውሃውን አይቻለሁ። ሪፖርቱን ከመጻፌ በፊት ነው ያየሁት።"

ነጠላ ጫማው ወደ መኪናዋ ቀረበ። ጉልበቱ መሬት ነካ፤ ከዚያ በጀርባው ተንሸራቶ አጠገቤ ተጋደመ። ሁለታችንም ወደ ላይ ሻሲውን እናያለን።

"የቱ ነው ቀዳዳው?"

አሳየሁት። ጣቱን ከተተበት።

"ውሃው ብዙ ነበር?"

"አንድ ጣሳ ይሞላል።"

"እና ጨው ነው ብለሽ ጻፍሽ።"

"ጨው አላልኩም። 'አልተለየም' ነው ያልኩት።"

"ጨው አላልሽም" አለ ቀስ ብሎ። "ጨው አይደለምም አላልሽም።"

ስለ ሌላዋ መኪና ልነግረው ጀመርኩ። እሷም ተደፍናለች፣ እሷ ግን ደረቅ ናት፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን...

"እሱን በኋላ ትፈልጊዋለሽ" አለኝ። "ሦስት ዓመት በር ላይ ነኝ። እኔን ዛሬ ጻፊኝ።"

ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ሲመለስ የመዝገቡን እስክሪብቶ ይዟል፤ ሲባጎውን በጥሶታል። "የአንቺ እስክሪብቶ 'አልተለየም' ነው የሚጽፈው" አለ። "በዚህ ጻፊ።"

መኪናዋን ቀብቼ ልስጥህ ስለው፣ "መጀመሪያ ጻፊ። እሷ ትቆያለች" አለኝ።

ቢሮ ገብቼ ጻፍኩ። ስምንቱን ቀዳዳዎች፣ ላስቲኩን፣ ውሃውን፣ መልሼ መወተፌን፣ የቀድሞው ሪፖርት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ትክክል አለመሆኑን። አንድ ገጽ አልሞላም። በአዲሱ የጋራዥ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ጉዳዩ ዛሬም በኮሚቴ ላይ ነው፤ የእኔም የእሱም።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ሁለት ነገር ነው። የሻሲ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ውሃ የሚወጣበት ነው። መነሻውን ሙሉ በሙሉ አለማወቅም ያወቁትን ላለመጻፍ ምክንያት አይሆንም።

ያን ቀን ስወጣ ፋራህ በቦታው ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ አልተነሣም። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።